ጥቁር አፈር ላይ ለሚሠራ የኮንክሪት የእግረኛ መንገድ ከሥር ምን ይነጠፍ?

የኮዬ ፎርማን (ጠያቂ)

ሰላም ለሁላችሁ። ከቱሉ ዲምቱ አለፍ ብሎ ኮዬ ፈጬ ዳር ባለ መንደር ውስጥ 120 ሜትር ርዝመትና 1.5 ሜትር ስፋት ያለው የእግረኛ መንገድ በኮንክሪት ልንሠራ ነው። ነዋሪው ገንዘቡን አዋጥቷል፣ የወረዳው ፈቃድም ወጥቷል። ያላለቀው ክርክሩ ነው።

መሬቱ ጥርት ያለ ጥቁር አፈር ነው። አንድ ሜትር ተኩል ተቆፍሮ ሌላ ዓይነት አፈር አልተገኘም። በበጋ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል፣ በክረምት ጫማ ይዞ ያስቀራል። በአንድ ጎን የግቢ አጥሮች አሉ፣ በሌላው ጎን 60 ሳንቲ ጥልቀት ያለው በድንጋይ የተገነባ ዲች (የውኃ መውረጃ ቦይ)። መንገዱ ከአጥር እስከ ዲች ያለውን ስፋት ሙሉ ይይዛል። መኪና የሚገባባቸው አምስት በሮች አሉ፣ እያንዳንዳቸው 4 ሜትር፤ በነሱ ላይ ዲቹ በስላብ ተሸፍኗል። ሥራው ኅዳር መግቢያ ላይ ይጀመራል።

ከሥር ስለሚነጠፈው ነገር አራት ሐሳብ ቀርቧል። ግንበኛው እንደ ቤት ወለል 25 ሳንቲ ድንጋይ ይደርደር ይላል። አንዱ የኮሚቴ አባል ሬድ አሽ (ቀዩ የእሳተ ገሞራ ጠጠር) ቅርብም ቀላልም ነው ይላሉ። ሌሎች ገረጋንቲ (ከካባ የሚወጣ ጠጠራማ አፈር)፣ ሌሎች ደግሞ ከክሬሸር (ከድንጋይ መፍጫ) የሚመጣ ቅልቅል ጠጠር ይላሉ። ዩቲዩብ ላይ ደግሞ ሁሉም ንጹሕ ጠጠር ነው የሚያነጥፈው። ከዚህ አፈር ጋር የሚስማማው የቱ ነው? ምክንያቱንም ብትጨምሩልኝ ለኮሚቴው ማስረዳት ይቀለኛል።

---

ቤዝ ኮርስ

ወንድሜ፣ የምታወዳድሩት የቁሶቹን ጥንካሬ ይመስላል። ጥንካሬው እዚህ ብዙም አያስጨንቅም። በሮቹን ትተን ካየነው ላዩ የሚሄደው ሰው ነው፤ 10 ሳንቲ ኮንክሪት ደግሞ ልል ያልሆነ ማንኛውም ነገር ላይ ቢቀመጥ ሰው አይሰብረውም። ጥቁር አፈር ላይ የሚሰብረው ከታች የሚመጣው ነው። አፈሩ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ያውም እኩል አይደለም። በዲቹ በኩል ይርሳል፣ በአጥሩ በኩል ይደርቃል፣ ቆጣሪ የሚያፈስበት ቦታ ላይ ብቻውን ጉብ ይላል። ስለዚህ ስለ እያንዳንዱ ቁስ መጀመሪያ የምትጠይቁት ‹በመገጣጠሚያው የገባውን ውኃ የት ያደርሰዋል?› ብላችሁ ነው።

በዚህ ሚዛን ድርድር ድንጋይ ከሁሉም የከፋው ነው። 120 ሜትር በ1.5 ሜትር በ25 ሳንቲ 45 ሜትር ኪዩብ ይሆናል። ከድርድሩ ሲሶው ባዶ ክፍተት ነው ብንል 15 ሜትር ኪዩብ ውኃ የሚይዝ ጉድጓድ ጥቁር አፈር ውስጥ ቆፍራችሁ ድንጋይ ሞላችሁበት ማለት ነው። ጥቁር አፈር ውኃ አያሳልፍም፤ ስለዚህ የክረምቱ ውኃ እዚያው ተኝቶ አፈሩን ከላይ እስከ ታች ያጠጣዋል። በዚያ ላይ የረጠበው አፈር በድንጋዮቹ መሐል ወደ ላይ ይወጣል፣ ድንጋዩ ወደ ታች ይሰምጣል። ግንበኛው ቤት ውስጥ ሲሠራ ያላየው ችግር ነው፤ የቤት ወለል ጣሪያ አለው።

የዩቲዩቡ ንጹሕ ጠጠርም ከዚሁ ነው። እነዚያ ቪዲዮዎች በብዛት የሚሠሩት መሬት በውርጭ ቀዝቅዞ በሚነሳባቸው አገሮች ነው። እዚያ ጠጠሩ ውኃ ከስላቡ ሥር በረዶ ሆኖ እንዳይጋገር ይጠቅማል። አዲስ አበባ ላይ ኅዳርና ታኅሣሥ ሌሊት ቢበርድም መሬቱ ወደ ውስጥ በረዶ አይሆንም፤ ያን መድኃኒት ለዚህ በሽታ አትውሰዱት።

የኔ ምርጫ ሁለት ንብርብር ነው። ከነባሩ መሬት 40 ሳንቲ ቆፍሩ። ታች 30 ሳንቲ ጥሩ ገረጋንቲ በደንብ ተጠቅጥቆ፣ ከላዩ 10 ሳንቲ ከክሬሸር የሚመጣ ከደቃቁ እስከ ትልቁ ያለበት ቅልቅል፣ ከዚያ 10 ሳንቲ ኮንክሪት ከመሬቱ በላይ። የገረጋንቲው ፊት ወደ ዲቹ 2 በመቶ ያዘንብል፣ ማለትም በ1.5 ሜትር ስፋት 3 ሳንቲ ዝቅ ይበል። የተጠቀጠቀ ገረጋንቲ ውኃ በቀላሉ አያሳልፍም፤ በመገጣጠሚያ የገባው ውኃ በጠጠሩ ውስጥ አድርጎ በገረጋንቲው ፊት ላይ ወርዶ ወደ ዲቹ ይወጣል። ለዚህ የዲቹ ግንብ በየ3 ሜትሩ መበሳት አለበት። ያለ እነዚህ ቀዳዳዎች የሁለቱም ንብርብር ድካም ከንቱ ነው።

እውነቱን ለመናገር 30 ሳንቲ አፈር መቀየር እብጠቱን አያጠፋውም። ከታች ከአንድ ሜትር በላይ ጥቁር አፈር አለ፣ እሱም ይንቀሳቀሳል። የሚገኘው ጥቅም እንቅስቃሴው ይቀንሳል፣ ከቦታ ቦታ ያለውም ልዩነት ይለዝባል። አንድ ላይ ብድግ ብሎ አንድ ላይ የሚወርድ መንገድ አይሰበርም።

---

አፈር ላብ

በንብርብሩ እስማማለሁ፤ ግን ‹ገረጋንቲ› ብላችሁ ብቻ አትዘዙ። ሾፌሩ ገረጋንቲ ብሎ የሚያመጣው ከአንዱ ካባ ጥሩ የተበሳበሰ ድንጋይ፣ ከሌላው ካባ ደግሞ ከግማሽ በላይ ጭቃ ሊሆን ይችላል። ላብራቶሪ ከላካችሁ የፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ (የአፈሩን ጭቃነት የሚያሳየው ቁጥር) ከ15 በታች እንዲሆን ጠይቁ። ለ120 ሜትር ላብራቶሪ የማይታሰብ ከሆነ እዚያው ሳይት ላይ የሚሠራ ፍተሻ አለ።

ከመኪናው የተለያየ ቦታ አፈር ወስዳችሁ አድርቁ፣ ፍጩ፣ በዱቄት ወንፊት ንፉት። ጎናቸው ቀጥ ያለ ሁለት እኩል ብርጭቆ ያዙ። በአንዱ ውስጥ የተነፋውን አፈር ሳትጫኑት 2 ሳንቲ ከፍታ ሙሉ። ሌላውን ውኃ ሞልታችሁ ያንኑ አፈር በቀስታ በትኑበት። በ24 ሰዓቱ ረግቶ ከፍታው 3 ሳንቲ ወይም ከዚያ በላይ ከሆነ በግማሽ አብጧል ማለት ነው፤ ያ ጭነት ይመለስ። 2 እና 2.5 መሐል ከሆነ ይሠራል። ጎን ለጎን የራሳችሁን ጥቁር አፈር ብትሞክሩ 4 ሳንቲ ቢደርስ አይድነቃችሁ። ለኮሚቴውም ከብዙ ንግግር ሁለቱን ብርጭቆ ማሳየት ይበልጣል።

ሁለተኛው ነገር የጥቁሩ አፈር እርጥበት ነው። ኅዳር መግቢያ መልካም ጊዜ ነው፤ ላዩ ለሥራ ደርቋል፣ ውስጡ ግን ገና ርጥብ ነው፣ ስለዚህ አብዛኛውን እብጠት አብጦ ጨርሷል። ግንቦት ላይ አፈሩ አጥንቱ ወጥቶ ሳለ የተነጠፈ መንገድ የመጀመሪያው ክረምት ላይ ያለ የሌለ ኃይሉን ይቀበላል። ያንን ጥቅም እንዳታጡት ግን 120 ሜትሩን በአንዴ ቆፍራችሁ ለሳምንታት ፀሐይ አታስመቱት። 30 ሜትር ቆፍሩ፣ ሙሉ፣ ቀጥሉ። የጉድጓዱ ወለል መሰንጠቅ ከጀመረ ከመሸፈኑ በፊት በነበረው ምሽት ውኃ አርከፍክፉበት። ማርከፍከፍ ነው ያልኩት፤ ቦቴ አምጥቶ ማጥለቅለቅ ሌላ ነገር ነው።

በኖራ እናክመው የሚል ሰው መምጣቱ አይቀርም፣ ስለዚህ ቀድሜ ልመልስ። ኖራ ጥቁር አፈርን በርግጥ ይገራዋል፤ ከደረቅ ክብደቱ ከ4 እስከ 6 በመቶ ይበቃል። ግን የሚሠራው ከአፈሩ ጋር እንደ ዱቄት ሲዋሐድ ብቻ ነው። ጓል በጓል የሆነን ጥቁር አፈር በአካፋና በዶማ ከኖራ ጋር ማዋሐድ አይቻልም፣ ማሽን ይፈልጋል። ለረጅም አስፋልት እንጂ ለሰፈር መንገድ አያዋጣም። ለሠራተኛው ዓይንና ቆዳም አደጋ ነው።

---

የዱከሙ

ሬድ አሹን ማንም ሳያነሳው ልታልፉት ነው እንዴ? ኮዬ ያለ ሰው ከዱከምና ከቢሾፍቱ በኩል የሚመጣውን ነገር ትቶ ክሬሸር ፍለጋ የሚሄድበት ምክንያት አይታየኝም። ቀላል ነው፣ በባሬላ ሲመላለስ ሠራተኛ አያደክምም፣ ውኃ ያሳልፋል፣ ከታች ያለውን እርጥበትም ወደ ስላቡ አይስብም። በዚህ አገር የመንገድ ሥራ ዛሬ የተጀመረ ነገርም አይደለም።

ችግር የሚያመጣው አያያዙን ካለማወቅ ነው። ሬድ አሽ በተፈጥሮው ደቃቅ ይጎድለዋል፤ ስለዚህ ብቻውን ሲጠቀጠቅ ከእግር ሥር ይንሸራተታል። አራት ሳጥን ሬድ አሽ ላይ አንድ ሳጥን ዜሮ ዜሮ (የክሬሸር ደቃቅ) ወይም ጭቃ የሌለበት ደቃቅ ገረጋንቲ ደባልቁ፣ ይያዛል። ከ5 ሳንቲ በላይ የሆነውን እንክብል ልቀሙት ወይም በመዶሻ ስበሩት። ሲጠቀጠቅ እየተሰበረ ስለሚገባ ብዙ ይወርዳል፤ 10 ሳንቲ ለማግኘት 14 ሳንቲ ያህል ልል አፍስሱ። ውኃ ሳይቆጥቡ እያጠጡ በንዝረት ፕሌት ነው የሚጠቀጠቀው።

ኮንክሪት ከመፍሰሱ በፊት በደንብ መርጠብ አለበት። ቀዳዳ የበዛበት ድንጋይ ስለሆነ ደረቁን ከተዋችሁት የኮንክሪቱን ውኃ ከሥር ይመጠዋል፣ ታችኛው ፊት ሳይጠነክር ይቀራል።

---

ቤዝ ኮርስ

የዱከሙ ያለው ትክክል ነው፣ ቦታውን ብቻ ልለይ። ሬድ አሽ በላይኛው 10 ሳንቲ፣ በክሬሸሩ ጠጠር ፈንታ ይገባል። በታችኛው 30 ሳንቲ ውስጥ፣ ጥቁር አፈሩ ላይ በቀጥታ ግን አይገባም። ውኃ ማሳለፉ ላይኛው ንብርብር ላይ ጸጋው ነው፣ ታች ላይ ደግሞ ያው የድርድር ድንጋዩን ኩሬ ይደግመዋል።

አምስቱ በሮች ላይ ደግሞ ሬድ አሽ አይሁን። ጎማ እየተመላለሰበት ውሎ አድሮ ይደቃል፣ ስላቡም ከሥሩ ባዶ ይሆናል። እዚያ የክሬሸር ቅልቅል ብቻ።

ክሬሸር ስትሉም ‹ዜሮ ሁለት› ብላችሁ እንዳታዙ። ዜሮ ሁለት ለኮንክሪት የሚሆን አንድ ዓይነት መጠን ያለው ጠጠር ነው፤ መሬት ላይ ቢነጠፍ የቱንም ያህል ቢመታ እንደ ብይ ይንከባለላል እንጂ አይቆልፍም። የሚቆልፈው ደቃቁ ከትልቁ ጋር ያለበት ነው። ካባው ለመንገድ የሚሸጠው ቤዝ ኮርስ ከሌለው ዜሮ ሁለት፣ ዜሮ አንድና ዜሮ ዜሮ እኩል በእኩል አደባልቃችሁ እየረጠበ ይጠቅጠቅ።

---

ሳይት ኢንጂነሯ

ግንበኛችሁ በድንጋይ ድርድሩ ከጸና የሲሚንቶውን ሒሳብ አሳዩት። ክፍተቱ በሽርክት ተሞልቶ ፊቱ ካልተዘጋ ኮንክሪቱ ወደ ውስጥ ይሰርጋል። በአማካይ 2.5 ሳንቲ ብቻ ቢሰርግ በ180 ካሬ ላይ 4.5 ሜትር ኪዩብ ነው፣ ከ30 ከረጢት በላይ ሲሚንቶ መሬት ገባ ማለት ነው። ድርድር ድንጋይ ቀይ አፈር ወይም ድንጋያማ መሬት ላይ፣ በእንጦጦ ግርጌ ባሉ ሰፈሮች በኩል፣ ብዙ አይጎዳም። እርግጥ እዚያ ደግሞ አያስፈልግም፤ አፈሩ ተጠቅጥቆ 10 ሳንቲ ገረጋንቲ ይበቃዋል።

አሸዋም ሲነሳ ሰምቻለሁ። ውኃ በዳር በኩል ጠርጎ ይወስደዋል፣ ስላቡ ተንጠልጥሎ ይቀራል፤ ከሩቅ የሚመጣ ውድ ነገርም ነው። የፈረሰ ቤት ፍርስራሽ ደግሞ ጂብሰም፣ እንጨትና ብሎኬት ይቀላቀልበታል። ጂብሰሙ በእርጥበት ከሲሚንቶ ጋር ይጣላል፣ እንጨቱ ይበሰብሳል፣ ብሎኬቱ ይፈረካከሳል። ሁለቱንም ተዉት።

ኮሚቴው ገና ካልወሰነ ኮብልስቶንንም ያስብ። ጥቁር አፈር ላይ ጉብ ካለ ተነቅሎ ይደለደላል፤ ውኃና ቴሌ ሊቆፍሩ ሲመጡም ይነሳና ይመለሳል። ኮንክሪት ግን ተቆርጦ ይቀራል። ውሳኔው ኮንክሪት ከሆነ ቢያንስ በየግቢው በር ትይዩ 110 ሚሊ የፒቪሲ ቱቦ በገረጋንቲው ውስጥ አሻግራችሁ ጫፉን ዘግታችሁ ቅበሩ። ነገ መስመር የሚያስገባ ሰው ስላቡን አይሰብርም።

---

የኮዬ ፎርማን

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ብርጭቆዎቹ ሥራቸውን ሠርተዋል፣ ግንበኛውም ለቀቀ። ውሳኔው ታች 30 ሳንቲ ገረጋንቲ፣ ከላይ 10 ሳንቲ የክሬሸር ቅልቅል ሆኗል። ኮብልስቶኑን አልተቀበሉትም፤ ጋሪና ዊልቸር ያንገጫግጫል ብለው። ሮለር በ1.5 ሜትር ውስጥ አይገባልንም፤ የሚከራየው ዘላዩ ኮምፓክተርና ፕሌቱ ነው። መጠኑንና የጥቅጠቃውን ነገር ብትዘረዝሩልኝ? ሲኖው 16 ሜትር ኪዩብ የሚጭነው ነው። ደግሞ ስላቡን ከአጥሩ ጋር በፌሮ እናስረው የሚል አለ፣ ይሁን?

---

ሳይት ኢንጂነሯ

መጠኑ ይኸው። የሚወጣው ጥቁር አፈር 120 × 1.5 × 0.4 = 72 ሜትር ኪዩብ ነው፣ ሲቆፈር ስለሚነፋ 94 ያህል፣ ማለትም 6 ሲኖ። የት እንደሚደፋ አሁኑኑ ተነጋገሩ፤ ዲቹ ዳር ከተከመረ ተመልሶ ዲቹን ይሞላል። ገረጋንቲ ተጠቅጥቆ 54 ሜትር ኪዩብ፣ ልሉ 70፣ 5 ሲኖ። የክሬሸር ቅልቅል ተጠቅጥቆ 18፣ ልሉ 23 ወይም 24፣ አንድ ሲኖ ተኩል።

ኮንክሪቱ 18 ሜትር ኪዩብ ነው። በሮቹ ላይ 15 ሳንቲ ውፍረት ስለሚሆን 1.5 ይጨመራል፣ ከብክነት ጋር 20.5 ያዙ። በአንድ ሜትር ኪዩብ 7 ከረጢት ሲሚንቶ ሲታሰብ 144 ከረጢት፣ 72 ኩንታል ማለት ነው። አሸዋ 10.5፣ ዜሮ ሁለት ጠጠር 15.5 ሜትር ኪዩብ፤ ሲራገፍ የሚባክነውን ጥቂት ጨምሩበት። ሳጥኑ 50 በ40 በ18 ሳንቲ ይሁን፤ ለአንድ ከረጢት ሁለት ሳጥን አሸዋ፣ ሦስት ሳጥን ጠጠር። ውኃው ከ25 ሊትር አይለፍ፣ አሸዋው ርጥብ ከሆነ ይቀነስ። ሠራተኛ እንዲፈስስለት ብሎ ውኃ ሲጨምር ዓይን አይራቅ። ብዙ ቦታ መንገዱ ፊቱ የሚላጠው በዚህ ነው።

ጥቅጠቃው ላይ ረዘም ልበል፣ ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ስለሆነ። ሥር ያለው ጥቁር አፈር ተስተካክሎ ወደ ዲቹ ያዘንብል፤ ረግጣችሁት የሚወዛወዝ ቦታ ካለ ጭቃው ወጥቶ በገረጋንቲ ይተካ። ገረጋንቲውን ሠላሳውን ሳንቲ በአንዴ ደፍቶ ላዩን መምታት የተለመደ ጥፋት ነው። ከላይ ድንጋይ ይመስላል፣ ከ15 ሳንቲ በታች ግን ልል ሆኖ ይቀራል፣ ቀስ በቀስም ይሰምጣል። 13 ሳንቲ ልል አፍስሱ፣ ወደ 10 እስኪወርድ ምቱ፤ ይህ ሦስት ጊዜ ይደጋገማል። ለገረጋንቲ ዘላዩ ይሻላል፣ ለጠጠሩ ፕሌቱ። ቢያንስ አራት ጊዜ ይመላለስ፣ ዱካው በዱካው ላይ በሲሶ እየተደራረበ።

እርጥበቱን በእጅ እወቁ። ገረጋንቲውን ጭብጥ አድርጋችሁ ስትለቁት ቅርጹን ከያዘ፣ ስትሰብሩት ደግሞ ለሁለት ከተከፈለ ልክ ነው። ከተበተነ ውኃ ይጨመር፣ መዳፍ ካጨቀየ ጥቂት እስኪደርቅ ይሰጣ። ሲጨርስ በ12 ሚሊ ፌሮ ውጉት፤ በእጅ ኃይል ከ2 ወይም 3 ሳንቲ በላይ ከገባ አልተጠቀጠቀም።

ከዲቹ ግንብ 30 ሳንቲ ድረስ ዘላዩ አይጠጋ። ግንቡ ለዚያ ምት አልተሠራም፣ ወደ ዲቹ ይገፋል። እዚያ በእጅ መደቅደቂያ፣ ንብርብሩን ወደ 7 ሳንቲ አሳንሳችሁ ሥሩ። በአጥሩ በኩልም መሠረቱ ከ40 ሳንቲ ካልበለጠ ቁፋሮው ከአጥሩ 15 ሳንቲ ራቅ ብሎ ይጀምርና እየተጋደመ ይውረድ።

ለቀዳዳዎቹ 50 ሚሊ ፒቪሲ፣ በየ3 ሜትሩ 40 ቦታ፣ እያንዳንዱ 60 ሳንቲ፤ 6 ሜትር ርዝመት ያለው ቱቦ አራት ይበቃል። የቱቦው ሥር ከገረጋንቲው ፊት እኩል ይሁን። አንድ ሁለት ሳንቲ ከፍ ካለ ያን ያህል ውኃ ሁልጊዜ ተኝቶ ይቀራል። በውስጥ በኩል አፉ ላይ ጥቂት ዜሮ ሁለት በጂኦቴክስታይል (ውኃ አሳልፎ ደቃቁን የሚያስቀር ጨርቅ) ቁራጭ ጠቅልላችሁ አስቀምጡ፣ ደቃቁ ታጥቦ እንዳይሄድ።

የጠጠሩን ከፍታ በሲባጎ ፈትሹ። አንድ ቦታ 3 ሳንቲ ከፍ ብሎ ከተተወ እዚያ ላይ ስላቡ 7 ሳንቲ ነው፣ ስንጥቁም እዚያ ይጀምራል። ካሳፎርማው ከቆመ በኋላ ሞራሌ አጋድሞ ከሥሩ በሜትር መለካት ይበቃል።

መገጣጠሚያውን በየ1.5 ሜትሩ፣ ጥልቀቱን 2.5 ሳንቲ አድርጋችሁ ገና ሳይደርቅ ቅረጹ። በየ12 ሜትሩ ደግሞ እስከ ታች የሚለይ ይሁን፣ ዘጠኝ ቦታ ይሆናል። በእነዚህ ላይ ባለ 12 ሚሊ ለስላሳ ፌሮ 40 ሳንቲ ተቆርጦ በየ30 ሳንቲው አምስት አምስት ይተኛ፣ ግማሹ ግራሶ ተቀብቶ። ስላቦቹ ከፍና ዝቅ ብለው ሰው እንዳያደናቅፉ ይይዛቸዋል፣ መጠጋትና መራራቁን ግን አይከለክልም። በሮቹ ላይ 15 ሳንቲው ውስጥ 10 ሚሊ ፌሮ በ20 ሳንቲ ርቀት ግራና ቀኝ ይጠለፍ፣ ከታች 5 ሳንቲ በሚያህል ጠጠር ወይም በሲሚንቶ ማስቀመጫ ከፍ ብሎ። በሮቹ ስለሚወፍሩ እዚያ ቁፋሮው 5 ሳንቲ ይጥለቅ።

ሲሚንቶው ፒፒሲ (ፖዞላና የተቀላቀለበት) ከሆነ ቢያንስ 10 ቀን ውኃ ይጠጣ፣ ጆንያ ወይም ፕላስቲክ ለብሶ። የኅዳር ፀሐይና ደረቅ ነፋስ ባንድ ከሰዓት ፊቱን ይሰነጥቀዋል፤ ስለዚህ ጠዋት ጠዋት አፍስሱ፣ ፍራታዞው እንዳለቀ ሸፍኑ። መኪና በበሮቹ ላይ ከ14 ቀን በፊት አይለፍ።

---

አፈር ላብ

የአጥሩን ጥያቄ እኔ ልመልስ፦ በፍጹም አይታሰር። አጥሩ የራሱ መሠረት አለው፣ ስላቡ ደግሞ ከአፈሩ ጋር ከፍና ዝቅ ይላል። ካሰራችኋቸው ወይ ስላቡ ከአጥሩ ሥር ተሰንጥቆ ይለያል፣ ወይ ሲነሳ አጥሩን ይዞት ይነሳል። በመሐላቸው 1 ሳንቲ ፎም አስገቡ፤ በዲቹ ግንብ፣ በቆጣሪ ሳጥኖችና በመብራት ምሰሶ ዙሪያም እንደዚሁ። የፎሙ ላይኛው 2 ሳንቲ ተቆርጦ በሬንጅ ይሞላ፣ አለበለዚያ በአጥሩ ላይ የሚወርደው ዝናብ በሙሉ በዚያ ክፍተት ቀጥ ብሎ ይገባል።

ከግቢ የሚመጣውንም ውኃ ተመልከቱ። አሸንዳው በአጥር ተበስቶ መንገዱ ላይ የሚለቅ ግቢ ካለ፣ ውኃው በስላቡ ሥር በቱቦ ተሻግሮ ዲች ይግባ። አጥር ጥግ ባሕር ዛፍ ካለ ደግሞ በተቃራኒው ነው፤ አፈሩን ያደርቀውና እዚያ ቦታ ላይ ስላቡ ይወርዳል። ዛፉን ለመቁረጥ ከተስማሙ ሥራው ሳይጀመር ይቆረጥ። መንገዱ ከተነጠፈ በኋላ ከተቆረጠ የደረቀው አፈር እርጥበቱን መልሶ እየያዘ ስላቡን ወደ ላይ ይገፋዋል።

ሬንጁ በፀሐይ ይሰነጠቃል። በየዓመቱ ግንቦት ላይ፣ ክረምቱ ሳይገባ፣ አንድ ሰው 120 ሜትሩን ሄዶ የተከፈተውን ይድፈን፣ አርባዎቹንም ቀዳዳዎች በሽቦ ይጥረግ።

---

የኮዬ ፎርማን

ተቀብያለሁ። ሁለት ግቢ ውስጥ ባሕር ዛፍ አለ፤ ነገ ባለቤቶቹን አነጋግራለሁ። የፎሙ ውፍረት 1 ሳንቲ ካልተገኘ 2 ሳንቲው ይሆናል?

---

አፈር ላብ

ይሆናል፣ ሬንጅ ትንሽ ይበዛበታል እንጂ። የዕቃ ማሸጊያ ነጩን ፎም በልኩ ቆርጣችሁ መጠቀምም ይቻላል። ካርቶን ብቻ አታድርጉ፤ ይበሰብስና ክፍተቱ በአፈር ይሞላል፣ ከዚያ ወዲያ ለስላቡ መላወሻ የለውም።